ከሱራያ አጠገብ የሳቅኩት ሳቅ

ጎረቤቴ ሱራያ ከምንኖርበት የስዊድን ሰፈር፣ ከብሬዴንግ፣ ለቅቃ መሄዷን የሰማሁት ከሕንጻችን ሥር ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንዲት ሴት አንሶላ እያጠፈች «ኢራናዊቷ እኮ ሄደች፤ ወዴት እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም» አለችኝ። ልብሴን ትቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ደርግ ወድቆ «እንግባ ወይስ እንቅር» የምንባባልበት ነበር። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሱራያ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ነበር የምትኖረው። በተሰባበረ ስዊድንኛችን እንግባባለን። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩታ፣ በሰፈሩ አዳራሽ የአገሯ ፊልም እንደሚታይ ነገረችኝ። እኔ ሲኒማ የምገባ ሰው አይደለሁም።

«ዘፈን የለው፣ ጭፈራ የለው፤ የገጠር ኑሮ ብቻ ነው። አጠገቤ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ» ብላ ለመነችኝ።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን ሁለት ልጆች፣ አልማዝንና ሶስናን፣ አስከትዬ ሄድኩ። አልማዝ መንገዱን ሁሉ «እትዬ ጽጌ ሲኒማ! አባ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?» እያለች ቀለደችብኝ።

አዳራሹ በኢራናውያን ሞልቷል። ፊልሙ ጸጥ ያለ ነው። አንዲት አሮጊት ዝናብ ሳይመጣባት ጣሪያዋን በጭቃ ትለስናለች። ታቦካለች፣ ትሸከማለች፣ መሰላሉን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሌላ ነገር የለም። ሶስና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ። ሳቄን እንደ ምንም አፈንኩት።

በኋላ ከከተማ አንድ ጸሐፊ መጣና አሮጊቷን የሆነ ነገር ጠየቃት። መናገር ስትጀምር አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ያፈንኩት አመለጠኝና ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። እኔን አይተው ልጆቹም ሳቁ። ሱራያ ብቻ አልሳቀችም።

መብራቱ ሲበራ «ምኑ ነው ያሳቀሽ?» አለችኝ።

«እኔማ ቋንቋውን የት አውቄ… ሰው ሁሉ ሲስቅ ጊዜ ነው።»

«እነሱ የቴህራን ሰዎች ናቸው። የሳቁት በአሮጊቷ አነጋገር ነው። የእኔም እናት እንደሷ ነው የምትናገረው» አለች። «በአገሬ ፊልም እንደ እናቴ የሚናገር ሰው ሁልጊዜ ወይ አገልጋይ ነው ወይ ማሳቂያ። ዛሬ ግን ቤቷ የሚያፈስባት ሴት ብቻ ሆና አየኋት። የጠራሁሽ ይህን እንድታዪልኝ ነበር።»

ኮቷን ደርባ ወጣች።

ሳቁን ያወቅኩት ያኔ ነው። አዲስ አበባ እያለን ከገጠር መጥታ ቤታችን የምትሠራ ልጅ ነበረች። አማርኛው ያስቸግራታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጠራን እናናግራት ነበር፤ እንድንስቅ። ያው ሳቅ ነው።

ለንስሐ አባቴ ስናገር «መጀመሪያ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቂ፤ ከዚያ ወደ እኔ ነይ» አሉኝ። እኔ ግን አፈርኩ። ደረጃው ላይ ድምጿን ስሰማ እስክታልፍ በሬን ዘግቼ እቆም ነበር። ነገ ስል፣ ጾሙ ይለፍ ስል፣ ሄደች።

ጸሎቴን አላቋረጥኩም። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ ግን አንደበቴ ይያዛል።

በዚያን ጊዜ ብሬዴንግ የነበራችሁ ሁሉ፣ ሱራያ ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አሳውቁኝ። አልማዝና ሶስና፣ እናንተ የሳቃችሁት እኔን አይታችሁ ነውና የእናንተም ጥፋት በእኔ ላይ ነው። ብታገኟት ግን ይቅርታውን እናንተ አትጠይቁልኝ፤ ደጇ ድረስ ሄጄ ራሴ ልጠይቃት።