ምንም ያልደገፉ ስድስት ምሰሶዎች

ንስሐ አባቴ ከእኔ ብዙ ሰምተዋል። ጾም መሻሬን፣ ሐሜቴን፣ በወጣትነቴ የሠራሁትን አብዛኛውን ያውቃሉ። ይህን ግን አያውቁም። አሥር ዓመት ለእሳቸውም ለሌላም ሰው ሳልተነፍሰው ኖሬያለሁ። ስታነብቡት ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ፤ ኀጢአቱን ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

ለማስተማር ደብረ ታቦር ስመጣ አርባ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ከአምስት ካርቶን መጽሐፍ በቀር ዕቃ አልነበረኝም። ደላላው በአሮጌው ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ አንድ የድንጋይ ቤት አሳየኝ። ምድር ቤቱ የአከራይዋ መኖሪያ ነው። ደርቡ ከነሙሉ ዕቃው ይከራያል፦ የነሐስ አልጋ፣ የዋንዛ ቁም ሣጥን፣ ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ሠርግ የሚያስደግስ ሳሎን፣ ጉናን ፊት ለፊት የሚያሳይ የእንጨት በረንዳ። «መምህር፣ ይኼ የኪራይ ቤት እንዳይመስልህ፤ ንጉሥ ቢመጣ የሚያድርበት ነው» አለኝ ደላላው። ደላላ እውነት ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አከራዬ እማሆይ ጥሩነሽ ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ ሴት ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ባላቸው ይህን ቤት ሲያሠሩ፣ አንድም ሠራተኛ ሳይወድቅ ሳይሰበር ከተጨረሰ የማርያም ማኅበር ደርቡ ላይ እንዲጠጣ ተስለው ነበር። ስለዚህ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ተረኛው ማንም ይሁን ማን፣ ሠላሳ የሚሆኑ ማኅበርተኞች ከቅዳሴ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ይሰበሰባሉ። «ለግማሽ ቀን ነው። አይከፋህም አይደል፣ ልጄ?» አሉ። «ኧረ እማሆይ! እንዲያውም በረከት ነው» አልኩ።

በረከቱን አራት ወር ቻልኩት። በአምስተኛው አንድ ሽማግሌ የጠላ ጣሳቸውን ስጽፈው በሰነበትኩት ወረቀት ላይ አሳረፉ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ መጻሕፍቴን ከላይ እስከ ታች ቃኝተው፣ «መምህር፣ ይህን ሁሉ ስታነብ ነው ሳታገባ የቀረኸው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ስለነበር ይበልጥ ተናደድኩ።

በማግስቱ ወርጄ ዋሸሁ። «መሐንዲስ ጓደኛዬ ወለሉን አይቶት ነበር» አልኳቸው። «አግዳሚ እንጨቶቹ በስብሰዋል፤ ብዙ ሰው አይችሉም ብሏል።» መሐንዲስ ጓደኛ በእርግጥ ነበረኝ። ወለሉንም አይቶታል፤ እራት ጠርቼው መጥቶ፣ በተረከዙ ሁለት ጊዜ ረግጦት፣ «ይኼማ የጭነት መኪና ይችላል!» ብሏል። እኔ ያደረግሁት ቃሉን መገልበጥ ብቻ ነው። ብቻ! «ጸጥታ እፈልጋለሁ» ብዬ ብናገር ምን ነበረበት? እምቢ ቢሉኝ ሌላ ቤት አላጣም ነበር። እኔ ግን ሌላ ቤት አልፈለግሁም፤ ይህንኑ ቤት፣ ያለ ሃያ አንድ፣ ፈለግሁ። እማሆይ ከመሐንዲስ ጋር እንደማይከራከሩም አውቅ ነበር።

ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ «ውይ በሞትኩት! አንተስ ልጄ?» አሉ።

«እኔማ አንድ ሰው ነኝ» አልኩ፣ ጀግና መስዬ።

ወደ አግዳሚዎቹ ቀና ብለው፣ «እሳቸው እኮ እንጨቱን አንድ በአንድ እያንኳኩ ነበር የመረጡት» አሉ ስለ ባላቸው። «እንጃ፤ አታለው ሸጠውላቸው ይሆናል።»

በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ አናጢዎች ከምድር ቤቱ ሲወጡ ደረስኩ። እማሆይ በሚተኙባትና በሚጸልዩባት በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ከመሬት እስከ አግዳሚው ተተክለዋል። «አንተ ከምትወድቅብኝ እኔ ጫካ ውስጥ ልኑር» አሉኝ እየሳቁ።

ምድር ቤቱ በምሰሶ ስለተጣበበ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ሥር ገባ። የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ሸራው ውኃ አቁሮ እንደ ላም ሆድ ይንዘረጠጣል፤ ማኅበርተኞቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዳቧቸውን በእጃቸው ከልለው ይበላሉ። የማኅበሩ ቄስ፣ ማለትም ንስሐ አባቴ፣ ሸራው በሚያፈስበት በኩል ይቀመጡ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ብለው። ለምን ለእሳቸው መናዘዝ እንዳቃተኝ አሁን ገባችሁ?

እኔስ? እኔ ከላይ ነበርኩ፤ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ በመስኮት እያየኋቸው። ደስተኛም ነበርኩ። የምናዘዘው ውሸቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ። እኔ ግን ዋሽቼ ደስ ብሎኝ ኖርኩ፤ ከዕድሜዬ እንደዚያ ጥሩ የተኛሁበትና ጥሩ የጻፍኩበት ጊዜ የለም። ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን መዳከም የጻፍኩትን፣ ብዙ ሰው ያመሰገነኝን መጣጥፍ የጨረስኩት በአንድ ዝናባማ የማርያም ዕለት ነው።

አምና የእማሆይን ዓይን ሞራ ጋረደው። አንድ እሑድ ልቤን አጠንክሬ ወረድኩ። «እማሆይ፣ እነዚህ ምሰሶዎች ቢነሡስ?» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን? ታዲያ እኔ በምን ልሂድ?» ከአልጋቸው ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ምሰሶ ያዙ፤ ከእሱ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያሉ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ። እንጨቱ እጃቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ለስልሶ ያብረቀርቃል። «አየህ? ያ መሐንዲስህ ለካ ለዓይኔ ነው ያዘዘልኝ። አንድ ነገር ብቻ ያምረኛል፤ ሳልሞት አንዴ ማርያምን ደርቡ ላይ ብዘክር። ግን ሰው ከሚያልቅ ይቅር።»

እፎይ ብዬ ወጣሁ። ክፋቴ ምርኩዝ ሆኖላቸዋላ! በጽሑፍ ከዚህ የባሰ ነገር ይዤ ተከራክሬ አውቃለሁ። ይህን ግን አልከራከርበትም። ምሰሶዎቹን ያስቆምኩት ለዓይናቸው አስቤ አይደለም።

በሚቀጥለው ሃያ አንድ ዝናብ ያወርደው ነበር። ወርጄ ሸራው ሥር ቆምኩ፤ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሠላሳ ርጥብ ፊት ዞሮ አየኝ። «መሐንዲሱ ወለሉን እንደገና አይቶት ነበር» አልኩ። «ምሰሶዎቹ አጽንተውታል፤ ሰው ይችላል ብሏል። ኑ እንውጣ።»

እማሆይን ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጧቸው። በሩ ላይ ቆመው ወለሉን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ባላቸው ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጠው መደገፊያውን በእጃቸው ዳበሱት። ያቺው ሴትዮ፣ «መምህር፣ እስካሁን አላገባህም?» አሉ፤ ቤቱ እንደገና ሳቀ። ወለሉ ሲጥ አላለም።

በመጨረሻ ንስሐ አባቴ ለምርቃት ተነሡ። መጀመሪያ መሐንዲሱን መረቁ። ቀጥለው፣ «በሚያስፈራ ወለል ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን የኖረውን ልጃችንን ጠብቅልን» አሉ። እማሆይ ከሁሉ በላይ ጮክ ብለው «አሜን!» አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኛ ሆኛለሁ፤ ሃያ አንድ ሲደርስ ሶፋውን ወደ ግድግዳ የምገፋው እኔ ነኝ። ደስተኛ ነኝ፤ አሁንም። እናንተን ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተ ቶሎ ይቅር ትሉኛላችሁ፤ ሸራው ሥር አልተቀመጣችሁማ። ደርቡን መለስኩላቸው እንጂ የባላቸውን ስም አልመለስኩም። ያ እንጨት ሲያንኳኳ የኖረ ሰው የበሰበሰ ገዝቶ እንደሞተ ነው እማሆይ እስከ ዛሬ የሚያምኑት። ልነግራቸው የሚገባው ሁለት ቃል ነው፦ «ባለቤትዎ አልተታለሉም።» በእኔና በእሳቸው መካከል ያለው ደረጃ አሥራ አንድ ነው። በየቀኑ እወርደዋለሁ፤ ሁለቱን ቃል ይዤ የወረድኩበት ቀን ግን የለም።