የአባባ ጮራሞ ሳንቃ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ አልፎ ሰው ወደ ሥራው በተመለሰበት ሰሞን ነው። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። ይሄኛው ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሶዶ ደግሞ ከዳሞታ ተራራ የሚወርድ ነፋስ አታጣም።

የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ አንዳንዴም የሬሳ ሣጥን እንሠራለን። ማርቆስና ታንጋ የሚባሉ ሁለት አናጢዎች አሉኝ። ባንኮውን፣ የሥራ ጠረጴዛውን፣ መሐል አድርገው ፊት ለፊት ቆመው ይሠራሉ። ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ እጃቸው ግን የታመነ ነው።

አንድ ቀን ሊዲያ የምትባል ወጣት መሐንዲስ መጣች። ከቤሌ ከተማ አለፍ ብሎ፣ ኮረብታ ላይ ላለች ትንሽ ጤና ጣቢያ በነፋስ የሚሠራ መብራት ልታቆም ነው። አዋላጇ ሲስተር የምታዋልደው በስልክ መብራት እንደሆነ ነገረችኝ። ዲናሞውም ምሰሶውም ተገኝቷል፤ የጎደሉት ነፋሱን የሚቀበሉት ሁለት ክንፎች ናቸው። ከውጭ የሚመጣው ክንፍ ቢሰበር መተኪያ የለውም፤ የእንጨት ከሆነ ግን እዚሁ ይሠራል፣ እዚሁ ይጠገናል። የአንዱን ክንፍ ሥዕል ሰጠችንና "እንደዚህ ያለ ሁለት" ብላን ሄደች።

ክንፍ እንደ ተራ ሳንቃ አይደለም። ሥሩ ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየሳሳ፣ ቀስ እያለም እየተጠመዘዘ ይሄዳል። አንዱ ጠርዙ ድቡልቡል ነው፤ ሌላው እንደ ቢላዋ የሳሳ። የነበረንን ደረቅ ዋንዛ አወጣን። አንዱን ማርቆስ፣ አንዱን ታንጋ ያዘ። ሲያልቁ በገመድ ሰቅለን መዘንናቸው፤ እኩል ሆኑ። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው እንደ ጥሩ በር ሁለት መዝጊያዎች አንዱ የሌላው መስታወት ነበር። ሥራው ስላማረኝ እስከ ቦታው ልሸኘው ብዬ ከሊዲያና ከሁለቱ አናጢዎች ጋር በአይሱዙ ሄድኩ።

ክንፎቹ ሲሰቀሉ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ነፋሱ መጣ። የማሽኑ ጭራም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረው። ክንፎቹ ግን ተንቀጠቀጡ እንጂ አልዞሩም። ታንጋ መሰላል ላይ ወጥቶ በእጁ ገፋቸው፤ ትንሽ ሄደው ቆሙ።

"ይሄስ እንደኛ ሊቀመንበር ነው፤ ይነቀነቃል እንጂ አይሠራም" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ሊዲያ ክንፎቹን አስወርዳ በመዳፏ ዳሰሰቻቸው።

"ማርቆስ፣ ይሄ ቀኝ ነው፤ ያኛው ግራ" አለች።

"ታዲያስ፤ በር ስንሠራ ቀኝና ግራ ነው። አልጋም እንደዚያው" አለ ማርቆስ።

"እኔ የፈለግሁት ሁለቱንም ቀኝ ነው። አሁን አንዱ ወደዚህ ሲጎትት ሌላው ወደዚያ ይጎትታል።"

"ሁለት የቀኝ እግር ጫማ ማን ያደርጋል?" አለ ታንጋ።

"ነፋስ" አለች።

በዚህ የሳቀ የለም። ማሽኑ ለሙከራ የተሰጠ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሰጡት ሰዎች መጥተው ያዩታል፤ ካልዞረ ተነቅሎ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ሲስተር ይህን ታውቃለች። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ለሾፌሩ ሰጠችውና "መኪናው ላይ ቻርጅ አድርግልኝ" አለችው።

የማርቆስ የመሣሪያ ሣጥን አብሮን ነው፤ እጅም አለን። ያጣነው እንጨት ነው። ሱቄ የነበረው ደረቅ ዋንዛ በእነዚሁ ክንፎች አልቋል። ገበያ ያለው ትናንት የተቆረጠ ነው፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ሲደርቅ ይጣመማል።

ከሰው ራቅ ብለው ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ ጮራሞ ይባላሉ። ምን እንደጎደለን ማርቆስን በወላይትኛ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሲመለሱ ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸው ጋር ሳንቃ ተሸክመው ነው። ቆጥ ላይ ኖሮ ጭስ የጠገበ፣ የጠቆረ ዋንዛ ነበር። ማርቆስ በጣቱ ቢያንኳኳው እንደ ከበሮ ጮኸ።

"ጮራሞ፣ ሣጥንህን ሰጠህ። እንግዲህ በምን ልትቀበር ነው?" አላቸው ጎረቤታቸው።

"ዕድር አለኝ። ደግሞ እኔ አልቸኮልኩም፤ አንተ ከቸኮልክ ንገረኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ውሰጂው፣ እህቴ። ምስጥ ከሚበላው ነፋስ ይብላው።"

ለሰው ሣጥን ስሠራ ኖሬያለሁ። ሰው ለራሱ ብሎ ያስቀመጠው እንጨት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። "እግዜር ይስጥልን" አልኳቸው።

ቀኙን ክንፍ ለናሙና ፊታችን አስቀመጥንና ሥራ ተጀመረ። ታንጋ እንደ ልማዱ ከማርቆስ ፊት ለፊት ሊቆም ሲል "አይሆንም፤ ሁለታችሁም በአንድ ወገን ቁሙ" አልኩት። እየተጋፉም፣ እየተነታረኩም እስኪመሽ ሠሩ። እኔ ሲስተር ቤት አደርኩ። ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። ስንመዝን የአባባ ጮራሞ እንጨት ከእኛው ይበልጥ ደርቆ ኖሮ ቀለለ፤ ከእኛው ላይ እየላግን አስተካከልንና ሁለቱን ሰቀልናቸው።

እንግዶቹ ሲደርሱ ነፋስ የለም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ከመካከላቸው አንዱ ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

"ነፋሱ ቀጠሮ አልተነገረውም፤ ቁጭ በሉ" አሏቸው አባባ ጮራሞ።

ተቀመጡ። ቆይቶ ከኦሞ ወንዝ በኩል ነፋሱ መጣ። ክንፎቹ እንደከበደው ሰው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ከዚያ ፈጠኑ፤ ከዚያ ሁለቱን መለየት አቃተን። ሲስተር ገብታ የወሊድ ክፍሉን መብራት አበራች። በመስኮቱ አየነው። አባባ ጮራሞ ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኛም ስንመለስ መንገድ አጋምሰን ሾፌሩ ደንገጥ ብሎ መኪናውን አቆመ። የሲስተር ስልክ አሁንም ቻርጅ ላይ ነው። ሳትጠይቀው ቀርታለች።

የተሰማኝን ብዙ ማውራት አልወድም። ያ ግራ ክንፍ ዛሬ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደንበኛ ሲጠይቅ ታንጋ "የግራ እግር ጫማ ነው" ይላል። እኔ ግን አላፍርበትም፤ ጥሩ ሥራ ነው።

ከሱ በላይ ጣሪያው ሥር አንድ ጥሩ የዋንዛ ሳንቃ አስቀምጫለሁ፤ አልሸጠውም። የአባባ ጮራሞ እንደሆነ በሲስተር በኩል አስነገርኳቸው። "በደንብ ይድረቅ" ብለው ላኩልኝ። ዋንዛ በደንብ እስኪደርቅ ዓመታት ይወስዳል። እኔ አልቸኩልም፤ እሳቸውም አልቸኮሉም።