ከአሸዋ በታች ያለው አገር

ነጋዴ ነኝና ዋጋውን አስቀድሜ ልናገር። እንቆቅልሽ የሚሉት ጨዋታ አንድ ጓደኛ አስከፍሎኛል። በዚያ ላይ እስከ ዛሬ ልጆች ተሰብስበው «እንቆቅልህ» ሲባባሉ ከሰማሁ ምክንያት ፈልጌ ከቤት እወጣለሁ፤ ሚስቴ ሽንት አላስቀምጥ ብሎታል ብላ ለሐኪም ነግራብኛለች። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ደህና ገበያ አበላሸብኝ። ቆቦ ገበያ ላይ ገመድ፣ ላስቲክና ሸራ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ አንድ ሾፌር አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ አምጥቶ ግዛኝ አለና ደጃፌ ላይ ፀሐይ ውስጥ ዘረጋው። የሞቀ ሸራ ሽታ ታውቁ እንደሆነ ናፍጣ አለበት፣ አቧራ አለበት፣ የበሰበሰ ጆንያ አለበት፣ ከሥሩ ደግሞ የሰው ላብ አለበት። እኔ ዕቃ ስገዛ ጉድለቱን በመዘርዘር ነው የምጀምረው፤ ያን ቀን ግን አፌን ከፍቼ ቆምኩና «አንሳልኝ፣ አልፈልገውም» አልኩት። ሾፌሩ ዋጋ ለማስወረድ ያመጣሁት ብልሃት መስሎት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። በዕድሜዬ ሳልፈልገው የቀናኝ ክርክር እሱ ብቻ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከቆቦ ዳር፣ ሆርማት ወንዝ አሸዋውን ዘርግቶ በሚተኛበት በኩል ነበር። ወንዝ ስል ውሃ እንዳታስቡ። የሆርማት ውሃ እንግዳ ነው፤ ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ድንጋይ እያንከባለለ ድንገት ይመጣል፣ ገበሬው ጠልፎ ማሳው ውስጥ ለማስገባት ዶማና አካፋውን ይዞ ይሯሯጣል፣ በማግሥቱ ብትሄድ አሸዋ ብቻ ታገኛለህ። አሸዋው ዳር አንድ ቁርቁራ ዛፍ ነበረ፤ እኔና የጎረቤታችን የአያ ሁሴን ልጅ ሙሄ የምንውለው እሱ ሥር ነው። ሙሄ ቀጭን፣ ዐይኑ የማያርፍ፣ በነገር የማይሸነፍ ልጅ ነበር። እናቱ ቀድማ ሞታለች፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ዘሀራ ናት፤ እሷም ቢሆን ከእኛ ብዙ አትበልጥም፣ ምላሷ ግን የአሮጊት ነበር።

የእንቆቅልሽን ሕግ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፣ መፍታት ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ አሸናፊውም በሰጡት አገር በቃል ገብቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሰጪውን ሰድቦ ይመለሳል። በሌላ ሰፈር ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል፤ እኔና ሙሄ እዚያ ላይ ነበር የምንጀምረው። በእኛ ሕግ አገር የሰጠ ሰው ራሱ አገሩን ይሆናል። አሸናፊው «በሩ ጋ ደረስኩ» ሲል ተሸናፊው በሩን፣ ዘበኛውን፣ ዘበኛው ያሰረውን ውሻ፣ ከውሻው ጀርባ ያለውን ገደል ሁሉ ሆኖ ይመልሳል። ይዝለል አይዝለል፣ ይያዝ አይያዝ የሚለውን የሚቆርጡት ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቁ አራት የጥንቅሽ ስንጥሮች ነበሩ፤ ወርውረናቸው ሆዳቸው ወደ ላይ የሆኑት ከበዙ እሺ ነው፣ ጀርባቸው ከበዛ እምቢ ነው። አንድ አገር ገብቶ ለመውጣት ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ዘሀራ እንስራዋን አዝላ ስታልፍ «እናንተ ቁጭ ብላችሁ ሐረር ስትደርሱ፣ ውሃውን ማን ይቅዳው?» ትለን ነበር።

ሳናውቀው ግን አገር አለቀብን። ዘመኑ የደርግ ነው። አስመራን ብሰጠው ጦርነት አለ ብሎ ይመልስልኛል፤ ጎንደርን ብሰጠው አጎቱ ዘምቶ ቀርቷልና ስሙን መስማት አይፈልግም፤ አዲስ አበባን ብሰጠው «ይለፍ ወረቀቱን ማን ይፈርምልኛል?» ይለኛል። እኔም ብሆን እሱ የሚሰጠኝን አልቀበልም፤ የማውቀው አገር ሁሉ ኬላ አለበት፣ ኬላው ላይ ጆንያ በብረት እየወጋ የሚፈትሽ ሰው አለ። እና አንድ ቀን ሙሄ ስንጥሮቹን አስቀመጠና «የነበረ አገር ይብቃን፤ ያልነበረ አገር እንምረጥና እሱን ብቻ እንስጣጥ» አለ። በአንድ አፍ ተስማማን። ያልተስማማነው በየትኛው ላይ ነው።

የኔ ምርጫ ከዞብል ተራራ ወዲያ ያለ አገር ነበር፤ በየቀኑ ገበያ የሚቆምበት፣ ቁመታቸው የዛፍ ጫፍ የሚደርስ ሰዎች ጨው በጥላ የሚለውጡበት፣ ጥላህን ሸጠህ ከከሰርክ እኩለ ቀን ላይ መውጣት የማትችልበት። ከልጅነቴ ሐሳቤ ያው ገበያ ነው። የሙሄ አገር ግን ከእግራችን ሥር ነበር። «ይሄ ሁሉ ጎርፍ የት ይሄዳል?» ይላል፤ «ሲመጣ አይተነዋል፤ ባሕር ሲገባ ያየ ሰው አለ? አሸዋው ውስጥ ነው የሚገባው። ከታች አገር አለ። የተወሰደው በግ፣ የተወሰደው ዛፍ፣ የአያ እንትና ጎጆ ሁሉ እዚያ ቆሟል። ሰዎቹም አልሞቱም፤ እርጥብ ናቸው እንጂ።» ዛሬ መሐንዲሶች ያንኑ ሜዳ በመኪና በስተው ውሃውን አግኝተውታል፣ ሽንኩርት ይጠጣበታል፤ እኔም ከዚያ ሽንኩርት ነግጃለሁ። ያኔ ግን ተከራከርኩት። ሁሉ የሞላበት አገር ገበያ የለውም፣ ገበያ ከሌለ ሰው ምን ሊያደርግ ይገባበታል አልኩት። «አንተ እኮ ጀነትም ብትገባ ሚዛን ይዘህ ነው» አለኝ። ዘሀራ ዳኛ ሁኚ ስንላት ወዲያና ወዲህ አየችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስብሰባ የሌለበት የትኛው ነው?» አለች።

ክርክሩ ሳያልቅ ድርቁ መጣ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሜዳው ምን ይመስል እንደነበር ያየ ያውቀዋል፣ ላላየው ደግሞ መናገር ከባድ ነው። ማሽላው ሳያፈራ አገዳው ላይ ቆሞ ደረቀ፤ ከዚያ አገዳው ተበላ። ከብቱ ሆርማት አሸዋ ላይ ውሃ ያለ መስሎት እየሄደ እዚያው ተኛ። ከመንገዱ ዳር የተቀመጠ ሰው ያርፍ ይሁን ወይ አርፎ ይሁን ሳትጠጋ አታውቅም ነበር። አባቴ ትንሽ ሱቅ ስለነበረው እኛ ቤት ከጨውና ከክብሪት ጋር ጥቂት እህል ይገኝ ነበር፤ እናቴ ለነሙሄ ቤት በነጠላዋ ሸፍና ትልክ ነበር፣ ኋላ ግን ነጠላው ባዶውን ይመላለስ ጀመር። እኔና ሙሄ መሮጥ ስለማንችል የቀረን ጨዋታው ብቻ ነው። አንድ ቀን ቁርቁራው ሥር ስደርስ ስንጥሮቹ ሦስት ሆነዋል።

«አራተኛው የት አለ?»

«አኘኩት» አለ ሙሄ።

«ዕጣችንን በላኸው?»

«ጣዕም የለውም» አለኝ፣ እንደሚያጽናናኝ ሰው። በሦስት ስንጥር እኩል መውጣት ስለሌለ፣ ከዚያ ወዲህ ፍርዱ ሁሉ ቁርጥ ያለ ሆነ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነበር፤ ጫማው አቧራ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆሞ ስለ ሰፈራ ነገረን። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፣ ትራክተር ያርሳል፣ ቤቱ ተሠርቶ ይጠብቃል። «መንግሥት ለም አገር ሰጥቷችኋል» አለ። ሙሄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ማን ተሸንፎ ነው የሚሰጠን?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። አባቱ አያ ሁሴን የሙሄን ጆሮ በሁለት ጣታቸው ያዙና «ዝም በል፣ ልጄ፤ የሚስቅ ሰው ይመዘገባል» አሉት። ያልሳቁትም ተመዘገቡ። እኛ በከተማ ነዋሪነት፣ በሱቁም ምክንያት ቀረን፤ አያ ሁሴን፣ ዘሀራና ሙሄ ስማቸው ተጻፈ። አያ ሁሴን የሚሄዱበትን አገር ስም ሁለት ጊዜ ጠይቀው ሁለት የተለያየ መልስ ሰሙ፤ «አላህ ያውቀዋል» ብለው ተዉት።

ያኔ ነው የአገር ምርጫው ጨዋታ መሆኑ የቀረው። ሙሄ ቁርቁራው ሥር አስቀምጦኝ እንደ ሽማግሌ አወራኝ። «ስማ ሀብቴ፤ እነሱ የሚወስዱኝ የት እንደሆነ አላውቅም፤ አንተም መጥተህ አታገኘኝም። ያልነበረው አገር ግን መኪና አያስፈልገውም። እኔ ከዚያ እገባለሁ፣ አንተ ከዚህ ትገባለህ፣ እዚያው እንገናኛለን። ብቻ አንድ አገር ይሁን። አንተ ዞብል ማዶ እኔ አሸዋ ሥር ከሆንን ተጠፋፋን ማለት ነው።» እሺ፣ በቃ፣ ያንተን እንያዝ ልለው ስል እጁን አነሳ። «እንዲሁ አይሆንም። አገር በነፃ አይወሰድም። በሕጉ ጠይቄህ፣ አቅቶህ፣ ስትሰጠኝ ነው የኔ የሚሆነው፤ አለዚያ ስገባበት ባለቤቴ አይደለህም ብሎ ይመልሰኛል።» ለዚህ የሚሆን ደህና እንቆቅልሽ እስካገኝ ጊዜ ስጠኝ አለ። መኪናዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ዓርብ መጡ።

ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ሜዳው ላይ ሸራ የለበሱ የጭነት መኪናዎች ቆመዋል፤ ሰው እየተጎተተም እየተደገፈም ይወጣል። ዘሀራ እንስራዋን እንድትተው ቢነግሯትም አቅፋዋለች፤ አየችኝና «ሀብቴ፣ ከእንግዲህ ውሃውን አንተ ቅዳው» አለችኝ። አያ ሁሴን ጥግ ይዘው ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሙሄ ከኋላው ሳንቃ ላይ ደረቱን አስደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። ከመኪናው ሥር ጠመንጃ ይዞ የቆመው ሚሊሺያ ደመቀ ይባላል፤ የሰፈራችን ገበሬ ነው፣ የእሱም ማሳ እንደሌላው ደርቋል። ጠጋ ስል በሰደፉ መለሰኝ፤ በቀስታ ነው፣ ዶሮ እንደሚመልስ ሰው።

«እንቆቅልህ!» አለ ሙሄ ከላይ።

«ምን አውቅልህ!» አልኩት። የምሰጠውን አገር አውቄዋለሁ፣ ምላሴ ላይ ነው።

«ሲመጣ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራል፣ ሲሄድ ማንንም አይሰናበትም።»

ገባኝ። ሆን ብሎ የመረጠው ነው፤ እንቆቅልሹም መንገዱም አገሩም አንድ ላይ ነው። ማወቄን ፊቴ እንዳይናገርብኝ አንገቴን ደፋሁ፤ እንደሚያስብ ሰው ትንሽ ቆየሁ፤ ሲያታልሉ መቸኮል እንደማይገባ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ከዚያ «አላውቀውም» ልል ቀና ስል፣ ደመቀ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረና «ጎርፍ ነዋ!» አለ።

ደስ ብሎት ነው ያለው። ፊቱ በርቶ፣ ኒሻን እንደተሰጠው ሰው ግራ ቀኙን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር። የራያ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ጎርፍ ሲጠብቅና ጎርፍ ሲያባርር የኖረ ነውና፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ ሳይመልስ ማለፍ አይችልም። መኪናው ላይ ያሉት ሰዎችም ሳቁ፤ የሳቅ አቅም የነበራቸው። አንዲት ሴትዮ «በለው፣ ደመቀ አዋቂ ሆነ» አለች።

ሙሄ ብቻ አልሳቀም። እኔ መጮህ ጀመርኩ። «ሰጥቼሃለሁ! ከአሸዋ በታች ያለውን! ያንተን አገር! ውሰደው!» ሞተሩ ተነስቷል፣ ግን ሰምቶኛል፤ ሲሰማኝ አይቼዋለሁ። ራሱን ነቀነቀ።

«ተፈታ እኮ፣ ሀብቴ» አለኝ።

ሸራውን ከኋላ ለቀቁት። መኪናው ወደ ሮቢት አቅጣጫ ዞረ፣ አቧራው ለረጅም ጊዜ መንገዱ ላይ ቆመ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ከሰፈራ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ በእግር የመጡ፣ በሱዳን ዞረው የመጡ፣ ቋንቋቸው የተለወጠ። በሱቄ ደጅ ያለፈውን ሁሉ አስቁሜ ጠይቄአለሁ። አንዱ አያ ሁሴን መንገድ ላይ በንዳድ ሞቱ አለኝ፤ ሌላው የለም፣ ደርሰው ጎጆ ቀልሰው ነበር አለኝ። አንዲት ልጅ እንስራ አቅፋ አይቻለሁ ያለኝም አለ፤ እንስራ ያላቀፈ ማን ነበር። ስለ ሙሄ የሚያውቅ አልተገኘም። ደመቀ አርጅቶ በሬ የሚያስርበት ገመድ ሊገዛ ይመጣ ነበር፤ አንድ ቀን ያችን ዓርብ አነሳሁበት። ገመዱን በክንዱ እየለካ አሰበ፣ ከልቡ አሰበ። «የትኛው መኪና?» አለኝ። «ስንቱን ጫንን እኮ፣ ሀብቴ።» ስለ እንቆቅልሹ ስነግረው ሳቀና «መልሼዋለሁ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ ንግድ ያላደረሰኝ አገር የለም ማለት ይቻላል፤ ኬላውን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ በየኬላው የሚቆመውንም ሰው። እዚያኛው አገር ለመግባት ግን ብዙ ሞክሬአለሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዐይኔን ጨፍኜ አሸዋው ላይ እቆማለሁ፣ «በሩ ጋ ደረስኩ» እላለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። የጨዋታው ሕግ እንደዚያ ነው። አንዱ መንገደኛ ሲሆን ሌላው አገሩን ይሆናል፤ ብቻውን የቀረ ሰው ሁለቱንም መሆን አይችልም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ከዚያ ቤት ሦስት ሰው ተጫነ፣ የተመለሰ የለም። አገሩን የወሰደው የለም።