ጋሽ አስፋ የፈተሹት ሙሽራ

ጋሽ አስፋን የማያስጠላቸው ነገር ጥቂት ነው። ትራም ውስጥ የሚበላ ሳንድዊች፣ ያልተቦረሸ ጫማ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የማይከት ወንድ፤ ሁሉም ያቅለሸልሻቸዋል። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ። ያኔ ወደ ከተማ የሚወርድ መርከበኛ ነጩን ልብስ ተኩሶ ለብሶ፣ መውረጃው አጠገብ ተሰልፎ ይፈተሻል። ጥፍሩ ካደፈ ወደ ኋላ ነው! ይህን ሕግ ጄኔቭ ድረስ ይዘውት መጡ፤ ፕላንፓሌ ሰፈር ባለው ቤታቸው ልጃቸው ራሄል በር ላይ ሳትፈተሽ ወጥታ አታውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ የተፈተሸው ግን እዮብ ነው። ጀርመንኛ በሚነገርበት በኦርሊኮን ተወልዶ ያደገ ኢንጂነር ነው፤ ራሄልን ሊያገባ፣ ጋሽ አስፋ ከወደዱት ሽማግሌ ሊልክ። ከጓደኛው የተዋሳትን ባለሸራ ጀልባ እየነዳ በሐይቁ መጣ።

ጋሽ አስፋ ከረባታቸውን አስረው ከራሄል ጋር ዳርቻው ላይ ጠበቁት። እዮብ ዘሎ ወረደ። እርጥብ ቁምጣ፣ የላብና የፀሐይ ቅባት ካርታ የሳሉበት ካናቴራ፣ ጥፍሩ የጠቆረ ባዶ እግር! ሽታው አፍንጫቸውን ሲመታው ጋሽ አስፋ ምራቃቸው መረራቸው።

«ሰላም ጋሼ! እንዴት ነህ?» ብሎ እርጥብ እጁን ዘረጋ።

ይባስ ብሎ «አንተ» ማለቱ! እጁን ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«መልሺው! ሰው እንዲህ ሆኖ ምድር ይረግጣል? እንኳን ሽማግሌው እሱም ደጄን እንዳይረግጥ!»

እዮብ ፊቱ ቀላ። «ኤክስጉሲ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ሱፌ ጀልባው ውስጥ ነው፤ ልልበስ» ብሎ ወደ ጀልባው ተመለሰ።

ራሄል እንባዋ መጣ። «አባዬ፣ አንተ ከአሰብ ሸሽተህ የመን ስትደርስ ምን ለብሰህ ነው የወረድከው?»

«ነጩን ነዋ!» አሉ ሳያመነቱ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። መርከባቸው መንገድ ላይ ሰጥማ፣ ጋሽ አስፋ የመን የገቡት ናፍጣ በጠጣ ሙታንታ፣ ትውከታቸው ደረታቸው ላይ ደርቆ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ አፍንጫውን ሳይሸፍን አቅፎ አወረዳቸው፤ ሽርጡን ወገባቸው ላይ አሰረላቸው።

ራሄል አመነቻቸው። «ይቅርታ አባዬ» አለች፣ «እውነትህን ነው፤ እሱ ላንተ አይመጥንም።»

ጋሽ አስፋ የገዛ አፋቸው አስጠላቸው።