እናቴ የፈተለችው ማግ

የወጣሁ ለት፣ ከከተማችን ከመካነ ኢየሱስ የሚነሳው አውቶቡስ ሞተሩን ሲያሞቅ፣ እናቴ በመስኮቱ እጇን አስገብታ ጋቢዬን ታስተካክልልኝ ነበር። "ማጉን እኔ ነኝ የፈተልኩት፤ አይበርድህም" አለችኝ። መንግሥት ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን እየላከኝ ነው፤ እሷ ግን ከደብረ ታቦር ትንሽ አለፍ የሚል አገር መስሏት "ለፋሲካ ትመጣለህ አይደል?" ትለኛለች። እኔም፣ ወይ ጉዴ፣ "እመጣለሁ" አልኳት!

ወገኖቼ፣ የዚህ አገር ብርድ የጉና ውርጭ አይምሰላችሁ፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ጋቢዬን ደርቤ ልወጣ ስል አከራዬ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ በር ላይ አስቆመችኝ።

"አልጋህን ለብሰህ ወዴት ነው?"

"ልብስ ነው፤ እናቴ ናት የፈተለችው።"

"ታዲያ አልጋ ላይ እንደሚነጠፍ አልነገረችህም?"

ምን ይባላል! ሳቅሁ፤ ክፍሌ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

የምማረው ካርቦን ፋይበር የሚሉትን፣ ከጸጉር የቀጠነ ጥቁር ክር መመርመር ነው። ክሩን በሙጫ አድርቀን እንቆርጠዋለን፤ የተቆረጠውን ፊት አለስልሰን በማይክሮስኮፕ ፎቶ እናነሳለን። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከፎቶው ላይ የእያንዳንዱን ክር ውፍረት ይለካል። ክሩ ወጥ ካልሆነ ከእሱ የሚሠራው ዕቃ ይሰበራል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ተማሪ ከአገር እናቴ የላከችውን አዲስ ጋቢና ደብዳቤ አመጣልኝ። የሰፈራችን መሪጌታ ናቸው የጻፉላት፦ "ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።" ናፍቆቱ ሲብስብኝ ከሁለቱም ጋቢ ማግ መዝዤ፣ እንደ ካርቦኑ አድርጌ ብዙ ቦታ ቆርጬ ለካሁት። የድሮው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። አዲሱ አንዱ ጋ ወፍሮ፣ ሌላው ጋ ሊበጠስ ደርሷል። የእናቴ እጅ እንዲህ አይፈትልም፤ አገሬ እስቴ ሙሉ ይመስክር! ደንግጬ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

በደብዳቤ ቀን ቆረጥንና ደብረ ታቦር ስልክ ቤት መጣች፤ ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ዓይንሽን ምን ነካው?"

"ማን ነገረህ? መሪጌታን እንዳይጽፉብኝ በሥላሴ ለምኛቸው ነበር እኮ።"

"ማጉ ነው የነገረኝ።"

"አዬ ልጄ! በዳበሳ ነው የፈተልኩት። ሰው አየብኝ?"

"ከእኔ በቀር ማንም አላየም።"

"ይሞቅሃል?"

"ይሞቀኛል፣ እማ።"

"እንግዲያው ለፋሲካ ስትመጣ ከደጅ ጀምረህ ተጣራ፤ በድምፅህ ነው የምለይህ።"

የስልክ ቤቱ ሰው "ጊዜ አልቋል" አለ፤ መስመሩ ተቋረጠ። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።