ለመጽሐፉ ጀርባ የሚሆን ሕይወት

ከቤት የወጣሁት አመሻሹ ላይ ነው። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ መርካቶ አውቶብስ ተራ አጠገብ አንዲት የእናቴ ዘመድ ቤት ገብቼ ለማደር ነበር። አባዬ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ። ንፋስ ስልክ እንደ ስሙ ነው፣ ያን ዕለትም ነፋሱ ነጠላዬን እየገፈፈ አላስኬድ ብሎኛል። አባዬ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል የሚያወራኝ ስለ መጽሐፉ ነው። ምዕራፍ ሰባትን እንደገና ሊጽፈው አስቧል፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ልጅቷን ቶሎ ማግባት የለበትም። እኔ በሆዴ፣ ይህ ምን ዓይነት አባት ነው እላለሁ፣ ልጁ ልትሰደድ ነው እሱ ወፍጮ ቤት ሠርግ ያዘጋጃል። ታክሲው ሲመጣ ግንባሬን ሳመኝና ፊቱን አዞረ፣ ዞሮም አላየኝም። ያን ሁሉ ያወራው እንዳያለቅስ እንደነበር የገባኝ ታክሲው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

እዚህ በስደት ያላችሁ፣ አንቺ ደግሞ በምን ወጣሽ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ኖራችኋል። ሰው በፖለቲካ ይወጣል፣ ወንዱም ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽቶ ይወጣል። እኔን ያሰደደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱንም የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ ታይፕ ብቻ ነው ያደረግኩት።

አባዬ ደራሲ ነበር። ቀን ቀን በአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል እየሠራ፣ በንጉሡ ዘመን አንድ ልብ ወለድ አሳትሟል። ከታተመው የሚበዛው አልጋችን ሥር ቀረ። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ይኸው መጽሐፍህ አልጋ ይሸከማል፣ ማን ሥራ ፈታ አለው እያለች ትቀልድበት ነበር። ሁለተኛውን ብዙ ዓመት ፈጅቶ ጻፈው፣ እኔ ታይፕ አደረግኩለት፣ ሳንሱር ቤት ገባ፣ እንደ ገባም ቀረ። በየጊዜው ሄዶ ይጠይቃል። እየታየ ነው ይሉታል። አባዬ አመስግኖ ይመለሳል። ከቢሮው በር ወጥቶ እንኳን ተናዶ አያውቅም፣ እኔ ነኝ በሱ ፈንታ የምናደደው።

ሰፈሩ ግን አባዬን የሚያውቀው በመጽሐፍ አይደለም። በእድራችን ሰው ሲሞት፣ ለቀብር የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው እሱ ነበር፣ ታይፕ የማደርገውም እኔ። ሲጽፍ ደግሞ ያምርበታል። በሕይወት ሳሉ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ሰዎች፣ እሱ የጻፈው ሲነበብ፣ እንዲህ ያለ ሰው አብሮን ነበር እንዴ ተብሎ ይለቀስላቸዋል። ኋላ ኋላ ሰዉ ጠባዩ ተበላሸ። ሽማግሌዎች ሳይሞቱ እየመጡ ታሪኬን ጽፈህ አስቀምጥልኝ ማለት ጀመሩ። አንድ ጡረተኛ ዘበኛ በየመስከረሙ እየመጡ ያስነብቡትና፣ ዘንድሮ የልጅ ልጅ ተወልዶልኛል ጨምርበት ይሉ ነበር። ሌላው አርበኛ ነበሩ ብለህ ጻፍልኝ አሉት። አባዬ፣ ጋሼ በጠላት ጊዜ እኮ ገና ልጅ ነበሩ ቢላቸው፣ ታዲያ ውሃ አላቀበልኩም ወይ ብለው ተቆጡ። ለአርበኞች ውሃ አቀበሉ ብሎ ጻፈላቸው። ሲሞቱ ያ ቦታ ሲነበብ ሚስታቸው ራሷን እስክትስት አለቀሰች።

ከዚያ ጎረቤታችን የነበረው አስተማሪ ከቤቱ ተወሰደ። ጥቂት ቆይቶ ሬሳው መጣ። ቀበሌው ቅበሩት፣ ግን ድምፅ እንዳይሰማ አለ። ሚስቱ የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍላት አባዬ ጋ መጣች። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለው ሰው ምን እንደሚጻፍ ይታወቃል። ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ይባላል፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል፣ ያልፋል። አባዬ የሰጠኝ ወረቀት መጨረሻው ላይ ግን፣ "ከቤቱ በጤና ወጣ፤ ሬሳው ተመለሰ" ይላል። እባክህ ሕመም በለው አልኩት።

"ምን ታሞ?" አለኝ።

ጸሐፊ ሆኜ የምሠራበት ቢሮ ወስጄ ታይፕ አደረግኩት። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሸምሱ፣ ያ አስፋልቱ ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሬሳው ከግቢ ሳይወጣ አነበቡት። እዚያች ቦታ ሲደርሱም አልዘለሏትም። ለቅሶው ሰፈሩን አናወጠው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አባዬን አስጠርቶ ማን ታይፕ እንዳደረገው ጠየቀው። እኔው ጻፍኩ፣ እኔው ታይፕ አደረግኩ አለ። የቀበሌው የጽሕፈት መኪና ፊት አስቀመጡትና በል ስምህን ምታ አሉት። የኛ አባት በብዕር እንጂ በመኪና መች ጽፎ ያውቃል? ጣቱን ዘርግቶ የመጀመሪያውን ፊደል ፍለጋ ሲዞር ሊቀመንበሩ ከልቡ ሳቀ። በአካባቢው ከቀበሌው ሌላ የአማርኛ መኪና ያለው የኔ ቢሮ ብቻ እንደሆነ፣ እዚያም የምቀመጠው እኔ እንደሆንኩ ሕፃኑ ሳይቀር ያውቃል። "ሰኞ ልጅህን ይዘህ ና" አለው። እኔ ቅዳሜ ወጣሁ። እሱ ሰኞ ብቻውን ሄደ።

የመንገዱን አላበዛባችሁም፣ የመጣችሁበት ታውቁታላችሁ። በአውቶብስ እስከ ጎንደር፣ ከዚያ በእግር ወደ መተማ። መሪያችን ሱዳን ከዚያ ዛፍ ወዲያ ነው ይለናል። ዛፉ ጋ ስንደርስ ሌላ ዛፍ ያሳየናል። ሰው አገር የገባን ጊዜ እንኳን አላመንነውም፣ ሌላ ዛፍ ስንፈልግ ነበር።

ገዳሪፍ ላይ የስደተኛ መዝጋቢው በአስተርጓሚ ለምን ከአገርሽ ወጣሽ አለኝ። አባቴ በጻፈው ነገር አልኩት። ፖለቲከኛ ነው? አይደለም፣ ደራሲ ነው። መጽሐፉ ስለ መንግሥት ነው? አይ፣ ስለ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ፍቅር ነው። ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። በፍቅር መጽሐፍ ሰው ይሰደዳል ወይ ሲል፣ በሱ አይደለም፣ ቀብር ላይ በሚነበብ ነገር ነው አልኩት። የማን ቀብር? የጎረቤት። ዘመድሽ ነው? አይደለም። አስተርጓሚውና እሱ ብዙ ተነጋገሩና አንድ ነገር ጻፈ። ኋላ አረብኛ የሚያነብ ሰው ሳስነብበው፣ የአባት ሥራ በሚለው ቦታ ቀባሪ ተብሏል። ላሳርመው ብመለስ፣ ቡክራ አለኝ። ቡክራ ነገ ማለት ነው ይላሉ፣ እኔ ግን የሱዳን ነገ መቼ እንደሚነጋ እስከዛሬ አልደረስኩበትም።

ካርቱም ዴም በሚባለው ሰፈር የሐጃ ዘይነብን አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሙቀቱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያ ስረግመው የኖርኩት የንፋስ ስልክ ነፋስ በሕልሜ ይመጣ ጀመር። እዚህ ነፋስ ሲመጣ ሀቡብ ይሉታል፣ ቀዩን አፈር ተሸክሞ ነው የሚመጣው፣ ወጥ ድስትም ልብም ውስጥ ይገባል። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው ሲያዩት እንጀራ ይመስላል፣ ሲቀምሱት ሌላ ነው፣ ጭራሽ እንጀራ ባይመስል ይሻለኝ ነበር። ሐጃ ደግ ናት፣ ብቻ አንድ ቀን አባትሽ ምን ይሠራል ብላኝ መጻሕፍት ይጽፋል ብላት ዓይኗ በራ። የመጽሐፍ ጌታማ ሀብታም ነው ብላ ኪራይ ልትጨምርብኝ ተነሳች። በኛ አገር ደራሲ በደመወዙ እንደሚኖር፣ መጽሐፉም አልጋ ሥር እንደሚኖር በተሰባበረ አረብኛ አስረድቼ እስክጨርስ ላብ አጠመቀኝ። "ታዲያ ለምን ይጽፋል?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ እናቴም መልስ ሳታገኝለት ነው ያለፈችው።

አባዬ ከብዙ ወራት እስር በኋላ ተፈታ። በየወሩ ከስልክ ቤት ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ እደውላለሁ፣ እሳቸው ሰው ልከው ያስጠሩታል። እንዴት ነህ ስለው፣ ደህና ነኝ ይልና ወደ መጽሐፉ ይገባል። ሳንሱሩ አዲስ ሰው ነው፣ የተማረ ይመስላል፣ ምዕራፍ ሰባት ላይ ደርሷል። ደግሞ ሌላ ወር ስደውል ሰውዬው ተቀይሯል፣ አዲሱ ከመጀመሪያው ጀምሯል። እኔ የምፈልገው መጽሐፉን አልነበረም፣ እሱን ነው የምፈልገው። እሱ ግን መጽሐፉ ታትሞ ስሙን በሽፋኑ ላይ ሳያይ እንዳይሞት ብቻ ነው የሚፈራው። እኔም ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ተጋባብኝና ገና አሎ ከማለቴ፣ ወጣ ወይ እላለሁ።

ባለፉት ሁለት ወራት ስደውል አባዬ አልመጣም። ጋሽ ሸምሱ አንዴ ለሥራ ወጥቷል አሉኝ፣ አንዴ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል አሉኝ። ምን ዘመድ አለው? እኔ ነኝ ዘመዱ። ግን ከካርቱም ሆኜ ምን ላደርግ እችላለሁ? መስመሩ ሲቋረጥ ሂሳቤን ከፍዬ ተመለስኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ሐጃ ከሐበሻ አገር ተደወለልሽ ብላ ጠራችኝ። የሐጃን ቁጥር ለክፉ ቀን ብዬ ለጋሽ ሸምሱ ሰጥቻቸው ነበር፣ አንድም ቀን ደውለውበት አያውቁም። እጄ ላይ ያለው አረፋ ሳይጠራረግ መቀበያውን አነሳሁ።

"ልጄ፣ የአባትሽን የሕይወት ታሪክ ፈልገን ነው" አሉኝ። "ለመጽሐፉ ጀርባ።"

አለቀ አልኩ፣ ተፈቀደ። ከደስታዬ ብዛት መሬት ቁጭ አልኩ። እናቴ ሞታለች፣ ወንድም የለኝ እህት የለኝ፣ የአባዬን ነገር ከኔ በቀር ማን ያውቃል? እሱ ራሱ ደግሞ ስለ ሰው እንጂ ስለ ራሱ መጻፍ ያፍራል፣ አፍሮ ነው በጋሽ ሸምሱ ያስጠየቀኝ ብዬ ሳቅኩ። ብዕር ይያዙ ብዬ ጀመርኩላቸው። የተወለደበትን አገር፣ ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ የመጣበትን፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ መጻፍ እንደተማረ ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ምዕራፍ ለእናቴ ያነብላት እንደነበር፣ እንቅልፍ ከወሰዳት ምዕራፉን ቀዶ እንደገና ይጽፍ እንደነበር። ይቺን እንዳይተዋት አልኳቸው፣ አንባቢ ይወዳታል። ጋሽ ሸምሱ ቀስ በይ ይሉኛል፣ ድምፃቸው ወፍሯል፣ ጉንፋን መሰለኝ።

"ቶሎ ብንጨርስ ይሻላል" አሉኝ በመሃል። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈለጋል።"

ማተሚያ ቤት በዘጠኝ ሰዓት ምን ያደርጋል? መጽሐፍ ዓመት ይቆያል፣ አሥር ዓመት ይቆያል። ጠዋት ታዞ ለዘጠኝ ሰዓት የሚደርስ ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው። ስንቱን ታይፕ አድርጌዋለሁ።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ፣ ያውም ሰው አገር ብቻዋን ላለች ሴት። እዚህ ዴም ላሉት ያገሬ ሰዎች ይላካል፣ እነሱ ተሰባስበው በማለዳ ይመጣሉ፣ ሰው አቅፎ ይዞኝ ነው የሚነገረኝ። ብጠይቃቸው ጋሽ ሸምሱ ወይ ይዋሹኛል ወይ ያለቅሳሉ። ሁለቱንም አልችለውም። ስለዚህ ቀጠልኩ። ደራሲ ነበር፣ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል፣ ሁለተኛውን ጽፎ ጨርሷል አልኩ። የሌላውን ሰው ታሪክ እንዴት አድርጎ ይጽፍ እንደነበር አልኩ። እስራቱን አልኩ፣ ይጻፉት አይጻፉት እሳቸው ያውቃሉ። እኔ እስከወጣሁበት ምሽት ድረስ ያለውን ሁሉ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቀውም። በምን እንደሄደ፣ ታሞ ይሁን እንደገና ወስደውት፣ ሰው አጠገቡ ይኑር አይኑር አላውቅም።

"መጨረሻውን ምን ልበል ጋሽ ሸምሱ?" አልኳቸው።

"መጨረሻውን እኛ እንሞላዋለን፣ ልጄ" አሉኝ። መስመሩ ተቋረጠ ወይ እሳቸው ዘጉት።

ሐጃ በሩ ላይ ቆማለች። ከውጭ አገር የተደወለ ስልክ ነውና ምን አሉሽ አለችኝ። እኔ የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱኑ ነገርኳት። የአባቴ መጽሐፍ ሊታተም ነው አልኳት። ሐጃ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ሻይ አስጥዳ፣ ይቺ የደራሲ ልጅ ናት እያለች አቀፈችኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ እያሉ እጄን ይጨብጡኛል። ልጮህ እፈልጋለሁ፣ ግን ማን ነገረሽ ቢሉኝ ማንን እጠራለሁ? ያገሬ ሰዎች መጥተው እስኪነግሩኝ ድረስ አባዬ መጽሐፉ የተፈቀደለት ደራሲ ነበር፣ እኔም ለእንግዶቹ ሻይ እቀዳ ነበር።