ከመጽሐፉ ወይስ ከነጠላው

ባለቤቴ ከመታመማቸው በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ መጽሐፍ ማመሳከር ነበር። እሳቸው ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ እኔ የቄስ ልጅ ነኝና አባቴ ማንበብ አስተምረውኛል። አንድ መጽሐፍ ገልብጠው ሲጨርሱ የተገለበጠበትን፣ እኛ እናት የምንለውን፣ ለኔ ይሰጡኛል። እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ እሳቸው አዲሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ይከተሉኛል። የዚያን ቀን ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ግማሽ ያህል እንደሄድን ጣታቸው ቆመ።

«ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት።

«እዚህ የለም።»

«ዘለውታል አንቱ። አንድ መስመር ሙሉ።»

«አንቺ ስታወሪኝ ነው።»

«እኔ ያን ጊዜ እኅቴ ዘንድ ነበርኩ።»

«እንግዲያ የሚያወራኝ አጥቼ ነው» ብለው ሳቁ።

ሁለት መስመሮች በአንድ ቃል ስለሚያልቁ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሸርተት ብሏል። በቦታው ትንሽ መስቀል አደረጉ። «መስመሩን ነገ ኅዳጉ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ዛሬ ወገቤን አሞኛል» አሉ። ቀለሙን ከድነን ገባን።

ስለ እንዲህ ያለ ስህተት ብዙ ጊዜ ያጫውቱኝ ነበር። አንድ ጸሐፊ የዘለለው መስመር ከዚያ መጽሐፍ በሚገለበጠው ሁሉ ላይ ይጎድላል። በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት አድባራት የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደተቀዳ በጉድለቱ ይለዩ ነበር። «ይቺ የዚያች ልጅ ናት፤ እናትየዋ የጎደላት ጥርስ እሷንም ጎድሏታል» ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን ግንባራቸው ላይ ሽፍታ ወጣ። ፈንጣጣ ነበር።

ደርግ መሬት ላራሹ ብሎ ያወጀበት ጊዜ ነው። ፈንጣጣ ባገሩ ይዞር ነበር፤ አብዛኛውን ሰው ፊቱን አዥጎርጉሮ ይተወዋል። እኔንም በልጅነቴ ይዞ ትቶኛል። አንዴ የያዘውን ሰው ዳግመኛ አይዘውምና በሽተኛ የምናስታምመው ጠባሳ ያለብን ነን። በዚህ የተነሳ እኅቴ ስትታመም ሄጄ አስታመምኳት። ዳነች። ስመለስ ብርድ ነበርና ነጠላዋን ደረበችልኝ። ቤቴ ገብቼ ሳላጥበው አልጋችን ላይ ጣልኩት።

በዚያው ሳምንት፣ ሽፍታው ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ያህል በፊት፣ እናት መጽሐፉ ተመልሶ መጣ። በአጅባር በኩል ካለ ደብር የተዋስነው፣ ለበሽተኛ የሚነበብ የጸሎት መጽሐፍ ነው። ባለቤቴ ገልብጠው እንደጨረሱ ደብሩ ለአንድ በሽተኛ ፈልጎት ወስዶት ነበር፤ ለማመሳከሪያ ብለን ለምነን አስመለስነው። በኛ አገር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ተነቦ ሲያበቃ በሽተኛው ራስጌ ያድራል። ያ በሽተኛ ፈንጣጣ እንደነበረበት የሰማነው ኋላ ነው።

የፈንጣጣ ከታቢዎች ከጥቂት ወራት በፊት በገበያ ቀን መጥተው ነበር። ባለቤቴ «መጽሐፉ ይለቅልኝና፤ ክንዴ ቢያብጥ ማን ይጽፍልኛል?» ብለው ቀሩ።

ሽማግሌዎቹ ከመንደሩ ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆ ቀልሰው አስገቡን። ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት። በአንድ ወገን እሾህ፣ በሌላው ገደል። ከምድጃው እስከ መኝታው አራት እርምጃ ነበር፤ አራቱን ስረግጥ እውል ነበር። ጎረቤታችን የሆነች ሙስሊም ሴት ቂጣና ውሃ ከእሾሁ ማዶ አስቀምጣ ራቅ ትልና ትጣራለች።

«አብሽሪ እቴ! አላህ ያሽርልሽ! መሬት ሊሸነሸን ነው አሉ፤ ቶሎ ይዳኑና ይረሱ በያቸው!»

«እኔ ከብዕር ሌላ ጨብጬ አላውቅ» አሉ ባለቤቴ ከውስጥ። «ለሷ ይስጧት፣ እሷ በሬዎቹንም እኔንም ትነዳለች።»

ሽፍታው ፊታቸውን ሲሸፍነው ዓይናቸው ተጋረደ።

«ፊቴ ምን ይመስላል?»

«ዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል።»

«መስመር ይዟል?»

«የለውም። እንዳገኘ ነው።»

«የሚያሳፍር ጸሐፊ» አሉ።

ፊታቸውን ወደኔ መለሱና «ያ መጽሐፍ ነው የያዘኝ» አሉ። «እኔው ነኝ ለምኜ ያመጣሁት። ደግነቱ አንቺን አይነካሽም።»

የእኅቴ ነጠላ በራሴ ላይ ነበር። ስለሱ አልነገርኳቸውም።

ከታቢው መጣ፤ ለሳቸው የክትባቱ ጊዜ አልፏል። ከግንባራቸው ቅርፊት አንስቶ ለምርመራ በትንሽ ብልቃጥ ከተተና ሄደ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ፊታቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው አራት ሰዎች ተሸክመው ቀበሯቸው። እኔን ግን አርባ ቀን እስኪሞላ ከጎጆው አላወጡኝም። መኝታውን፣ ነጠላውን፣ የመጽሐፉን የቆዳ ማኅደር ሳይቀር አቃጠልኩ። ደብሩ መጽሐፉን መልሶ ለመቀበል ፈራ፤ ሁለቱም መጻሕፍት እኔው ዘንድ ቀሩ።

ከጎጆው ወጣሁ እንጂ ከጥያቄው አልወጣሁም። ከመጽሐፉ ነው ወይስ ከነጠላው? ደርግም ሄደ፣ እኅቴም ሞተች፣ ለማንም አልተናገርኩም።

የእኅቴ ልጅ ደሴ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ጊዜ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለ ሥራዋ ስታጫውተኝ እንዲህ አለችኝ።

«ቫይረስ የሚራባው ራሱን እየገለበጠ ነው፣ አክስቴ። ሲገለብጥ ይሳሳታል። ስህተቱም ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። አሁን ወረርሽኝ ሲነሳ ከየበሽተኛው እየወሰዱ ያነቡታል፤ የማን ከማን እንደተቀዳ ይለያል።»

«በጉድለቱ?»

«በጉድለቱም፣ በተለወጠውም። አክስቴ፣ ምነው ፊትሽ?»

«ስህተቱ በሽታውን ያከፋዋል?»

«አብዛኛው ምንም አያደርግም። አንዳንዱ ቫይረሱን ራሱን ያጠፋዋል። አልፎ አልፎ የሚያበረታው አለ።»

«እናትሽን ትቶ ባለቤቴን የገደለው በርትቶ ነው?»

«ላይሆን ይችላል። ያው አንዱ በሽታ አንዱን ይተዋል፣ አንዱን ይገድላል።»

ያን ጊዜ ስለ መጽሐፉና ስለ ነጠላው ነገርኳት። ስለ ብልቃጡም ጠየቅኋት፤ ተገኝቶ ቢነበብስ?

«እንዲህ ያለው ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር፤ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል? ቢገኝም ፈንጣጣ ብዙ የሚሳሳት አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አንድም ሳይለወጥ ሊያልፍ ይችላል። የእናቴና የአጅባሩ ሰውዬ ቫይረስ አንድ ዓይነት ከነበረ የቱ እንደደረሳቸው አይለይም።»

«ስህተት ከሌለው አይታወቅም ማለት ነው።»

«አይታወቅም፣ አክስቴ።»

እጄን ያዘችኝ። ይቅር የምትለኝ እሷ አይደለችም፤ ቢሆንም እጄን አልወሰድኩም።

የሳቸው መጽሐፍ ላይ ያቺ ትንሽ መስቀል አለች፤ ከጎኗ ኅዳጉ እስካሁን ባዶ ነው። እኔ በሳቸው እጅ ጽሑፍ ላይ አልጽፍም። አሁን፣ እሳቸውን እያየሁ በለመድኩት አጻጻፍ፣ መጽሐፋቸውን በሌላ ብራና እየገለበጥኩ ነው። እሳቸው የዘለሉትን እኔም በቦታው ዘልዬ መስቀሏን አደርጋለሁ፤ የኔ ከሳቸው እንደተቀዳ ይታይ። መስመሩን፣ «ነገ» እንዳሉት፣ ኅዳጉ ላይ አኖረዋለሁ። በቀን ስድስት መስመር እጽፋለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ አንዱን በአፌ፣ አንዱን በጣቴ፣ ብቻዬን አመሳክራለሁ።